ከአሜሪካ የመጣው የኢንሱሊን ፔን እና አልረጋ ያለው ስኳር

ጥያቄው፦

«ሰላም ዶክተር። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ኢንሱሊን ከጀመረች 4 ዓመት አልፏታል። የምትኖረው ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ገጠር ነው፤ ፍሪጅ የለንም። ነጣ ያለውን ቅይጥ ኢንሱሊን፣ ሰባ ሠላሳ የሚሉትን፣ ጠዋት 24 ማታ 12 በሲሪንጅ ትወጋለች። ስኳሯ ግን አልረጋ አለ። አንድ ቀን ከ300 በላይ ይሆናል፣ በማግስቱ 60 ይገባል። አጎቴ ከአሜሪካ በሰው እጅ የኢንሱሊን ፔኖች፣ እስክሪብቶ የመሰሉ መወጊያዎች፣ ልኮላታል። ላያቸው ላይ ቱጄዮ 300 ይላል። ‹ሲሪንጅ ያረጀ ነገር ነው፣ ጣሉት› ብሎናል። የፔኑን መርፌ ግን አልላከም። ከፔኑ በሲሪንጅ እየቀዳን የለመደችውን 24 እና 12 እንስጣት? ወይስ መርፌውን ከአዲስ አበባ እናስመጣ? ሰውነት ላይ ተለጥፎ በራሱ ኢንሱሊን የሚሰጥ ማሽን አለ ሲባልም ሰምቻለሁ። ያ ይሻላት ይሆን?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሌላውን ከማንበብሽ በፊት ይህችን ያዢልኝ። ከዚያ ፔን በሲሪንጅ አትቅዱ። መርፌው እስኪመጣ ለአንድ ቀን ብቻ ብላችሁም ቢሆን አትቅዱ።

ምክንያቱን በቁጥር ላሳይሽ። እናትሽ የሚወጉት ብልቃጥ ውስጥ ያለው ኢንሱሊን በ1 ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት አለው። ሲሪንጁ ላይ ያሉት መስመሮችም ለዚያው የተሰመሩ ናቸው። 24 ላይ ስትስቢ 24 ዩኒት ይገባል፣ ልክ ነው። ፔኑ ላይ ያየሽው 300 ደግሞ በ1 ሚሊ ሊትር 300 ዩኒት አለ ማለት ነው። ሦስት እጥፍ የወፈረ ኢንሱሊን ነው። በዚያው ሲሪንጅ 24 መስመር ድረስ ብትስቢ እናትሽ የሚወጉት 72 ዩኒት ይሆናል። ይህ ሰው የሚገድል ስህተት ነው። ያውም ጊዜው ረጅም የሆነ ኢንሱሊን ስለሆነ ስኳሩ ወርዶ ቶሎ አይነሳም። አንዴ ስኳር በጥብጦ በማጠጣት የሚያልፍ ነገር አይደለም።

ፔኑ በራሱ መርፌ ሲሠራ ይህ ችግር የለም። ቁልፉን 24 ላይ ስታዞሪው ፔኑ ራሱ አስልቶ 24 ዩኒት ነው የሚሰጠው። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱን ስናደባልቅ ነው። ባለ 100 ፔን ቢሆንም እንኳ በሲሪንጅ መቅዳት ጥሩ አይደለም። አየር ይገባበትና ቀጥሎ በፔኑ የሚወጋው መጠን ይዛባል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ። አጎትሽ በደግነት ልከው ነው፣ ይመስገኑ። ግን የላኩት መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ ሌላ መድኃኒት ነው። እናትሽ የሚወጉት ቅይጥ ውስጥ ሁለት ዓይነት ኢንሱሊን አለ። ሠላሳው እጅ ፈጥኖ የሚሠራው ሬጉላር ነው፣ የሚበሉትን ምግብ ይይዛል። ሰባው እጅ ዘገየት ያለው ኤንፒኤች ነው፣ ቀኑንና ሌሊቱን ይሸፍናል። ቱጄዮ ግን ግላርጂን የሚባል ኢንሱሊን ነው። በቀን አንዴ ይወጋል፣ ቀስ ብሎ ይሠራል፣ ምግብን የሚይዝ ክፍል የለውም። ስለዚህ 24 እና 12 የሚለው የእናትሽ መጠን ወደዚህኛው አይተላለፍም። አንዱን በሌላው ለመተካት ሐኪም ተቀምጦ እንደገና ማስላት አለበት። ምግባቸውንም ያያል፣ ምናልባት ሌላ መድኃኒት ይጨምራል፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታትም ቶሎ ቶሎ ይለካል።

መርፌ ከአዲስ አበባ እናስመጣ ወይ ለሚለው መልሴ እንግዲህ ገና ነው። መጀመሪያ ሐኪማቸው ይይ።

አሁን ደግሞ አንቺ ጎላ አድርገሽ ያልጠየቅሽውን፣ ለእኔ ግን ዋናውን ጉዳይ ላንሳ። አንድ ቀን 300 በማግስቱ 60 የሚል ስኳር ሳይ፣ የእናትሽ ችግር የሲሪንጁ ማርጀት አይመስለኝም። እዚህ ደብረ ብርሃን ክትትል ክፍል የሚመጡ ሰዎች ስኳራቸው እንዲህ ሲዋልል ዶዝ ከመቀየሬ በፊት ሦስት ነገር አያለሁ። ልብሳቸውን ገለጥ አድርገው የሚወጉበትን ቦታ ያሳዩኛል። ብልቃጣቸውን አውጥተው እፊቴ ይቀዳሉ። የት እንደሚያስቀምጡትም እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ከሦስቱ አንዱ ጋ ተደብቆ ይገኛል። ይህ ሳይስተካከል ፔን ቢመጣም ማሽን ቢመጣም ያው ችግር ይከተላል።

ከሚወጉበት ቦታ እንጀምር። ዛሬ ማታ እናትሽን አስተኝተሽ ጭናቸውንና ሆዳቸውን በመዳፍሽ ዳሰስ ዳሰስ አድርጊ። ዓይን ላያየው ይችላል፣ ጣት ግን ይለየዋል። ከቆዳው ሥር ጠጠር ያለ፣ ከአካባቢው አበጥ ያለ ቦታ ካገኘሽ እሱን ነው የምፈልገው። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲወጋ እዚያ ያለው ስብ ያብጥና ይጠጥራል። የሚያሳዝነው ደግሞ እዚያ ላይ መርፌ ብዙም አያምም። ስለዚህ ሰው ወደዚያው ይመላለሳል። «ይቺ ቦታ ለምዳለች» የሚሉኝ እናቶች ብዙ ናቸው። ኢንሱሊን ግን እዚያ ውስጥ ሲገባ እንደ ልቡ አይሄድም። አንዳንዴ ተኝቶ ይቀራል፣ ስኳር 300 ይደርሳል። አንዳንዴ ደግሞ ባልታሰበ ሰዓት ወደ ደም ይገባል፣ ስኳር ይወርዳል።

እብጠት ካገኘሽ ቶሎ ብለሽ ወደ ጤነኛ ቦታ አዙሪው እልሻለሁ፣ ግን ተጠንቀቂ። ያው 24 ዩኒት ጤነኛ ቆዳ ላይ ሲወጋ በሙሉ ኃይሉ ነው የሚሠራው። ስኳራቸው በደንብ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ቦታ ከመቀየራችሁ በፊት ለሚከታተላቸው ሐኪም ወይም ነርስ ንገሩ። ብዙ ጊዜ ዶዙን ቀነስ ማድረግ ያስፈልጋል። ስንት እንደሚቀነስ እነሱ ይነግሯችኋል፣ በግምት አታድርጉት። በዚያ ሳምንት መለኪያ ካላችሁ ደጋግማችሁ ለኩ።

ከዚያ በኋላ ቦታ ማዟዟር ነው። ሆድን አራት ቦታ ክፈይው፣ ከእምብርት ሁለት ጣት ራቅ እያልሽ። አንድ ሳምንት በአንዱ ሩብ ውስጥ፣ ሳምንቱ ሲያልቅ ወደ ሌላው። እያንዳንዱ መርፌ ከትናንቱ አንድ ጣት ይራቅ። ለቅይጥ ኢንሱሊን ጠዋት ሆድ፣ ማታ ጭን ጥሩ ነው። ሆድ ላይ ፈጥኖ ይገባል፣ የጠዋቱን ምግብ ይቀድማል። ጭን ላይ ዘግየት ይላል፣ ሌሊት ስኳር እንዳይወርድ ያግዛል።

በነገራችን ላይ 60 የገባበትን ቀን አስታውሺ። እናትሽ ማሾ ለቀማ ወጥተው ነበር? ሽንኩርት ሲኮተኩቱ የዋሉበት ቀን ነው? ጭን ላይ ተወግቶ ወዲያው ብዙ መሄድና መሥራት ኢንሱሊኑን ያፈጥነዋል። የእናንተ የቀወት ወረዳ ሙቀትም እንዲሁ። ጾም ከሆነም ንገሩኝ። ጠዋት 24 ወግተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ የሚቆዩ ከሆነ ለ60 ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም። ኢንሱሊን ከተወጋ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ምግብ መቅረብ አለበት። መጾም ካለባቸው ሐኪሙም የነፍስ አባታቸውም አስቀድመው ይወቁት። ኢንሱሊኑን በራሳቸው ማቆምም፣ ወግተው መዋልም አይሆንም።

ሁለተኛው አቀዳዱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው።

ቅይጡ ኢንሱሊን ብልቃጥ ውስጥ ሲቆም ነጩ ክፍል ታች ይዘቅጣል። በጾም የምትጠጪውን ተልባ አስቢው፤ በጥብጠሽ ካልጠጣሽ ላዩ ውሃ ታቹ ተልባ ነው። ኢንሱሊኑም እንደዚያው ነው። ሳይቀላቀል ከተቀዳ አንድ ቀን ፈጣኑ ይበዛል፣ ሌላ ቀን ዘገምተኛው ይበዛል። መስመሩ 24 ነው፣ ውስጡ ያለው ግን የትናንቱ አይደለም። አንዱ ቀን ወርዶ ሌላው ቀን የሚወጣው ስኳር እዚህ ጋ ምክንያቱን ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ብልቃጡን በሁለት መዳፍ መሃል አስተኝቶ 10 ጊዜ ማንከባለል፣ ከዚያ 10 ጊዜ ቀስ እያሉ መገልበጥ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ወተት የመሰለ እስኪሆን። በኃይል አትወዝውዙት፣ አረፋ ይሠራል። ተንከባልሎም ጓል ጓል ካለ፣ ወይም ብልቃጡ ግድግዳ ላይ አመዳይ የመሰለ ነገር ከተጣበቀ፣ ያ ኢንሱሊን ተበላሽቷል። አይወጋም።

ቀጥሎ መስመሩ። ሲሪንጁን አንሺና አንድ ነገር እይልኝ። በ1 ሚሊ ሊትሩ ሲሪንጅ ላይ ብዙውን ጊዜ አንዷ መስመር 2 ዩኒት ናት። በግማሽ ሚሊ ሊትሩ ላይ ግን አንዷ መስመር 1 ዩኒት ናት። በትልቁ ሲሪንጅ ከ20 አራት መስመር ቆጥሮ 24 ደረስኩ የሚል ሰው 28 ላይ ነው የቆመው። ማታም ከ10 ሁለት መስመር ቆጥሮ 12 የሚል ሰው 14 ስቧል። ፋርማሲው አንድ ወር ትልቁን፣ በሌላው ወር ትንሹን ከሰጣቸው ደግሞ ግራ መጋባቱ የማይቀር ነው። ለእናትሽ መጠን የግማሽ ሚሊ ሊትሩ ይሻላቸዋል። እስከ 50 ዩኒት ይይዛል፣ መስመሩም ሰፋ ሰፋ ያለ ነው። መስመሩን ያለ ችግር ያዩታል ወይ የሚለውንም ጠይቂ። ስኳር ዓይንን ይጎዳል፣ እናቶች ደግሞ አይታየኝም ማለት አይወዱም። ካልታያቸው የጎረቤት ተማሪ ልጅም ቢሆን በየቀኑ መስመሩን የሚያይላቸው ሰው ይኑር። የዓይን ምርመራ በዓመት አንዴ ደግሞ ግድ ነው።

ሲሪንጁ ላይ 100 የሚል ጽሑፍ መኖሩንም አረጋግጪ። ባለ 40 ሲሪንጅ የሚባል አለ፣ በአንዳንድ አገር አሁንም ይሠራበታል። ቆቡ ብዙ ጊዜ ቀይ ነው፣ የባለ 100ው ደግሞ ብርቱካናማ። በባለ 40 ሲሪንጅ 24 ላይ ብትስቢ የምትወጊው 60 ዩኒት ነው። ሻንጣ ይዞ የሚመጣ ዘመድ ሳያውቅ ሊያመጣው ስለሚችል ነው የምነግርሽ።

ሲቀዳ መጀመሪያ 24 ዩኒት አየር ሳቡና ብልቃጡ ውስጥ ጨምሩ። ከዚያ ብልቃጡን ገልብጣችሁ ሳቡ። አረፋ ከገባ ሲሪንጁን በጣት ነካ ነካ አድርጉና ወደ ላይ ሲወጣ መልሱት። አረፋው ቆዳ ሥር ቢገባ አይገድልም፣ ብዙ ሰው እሱን ይፈራል። ጉዳቱ የኢንሱሊኑን ቦታ መያዙ ነው፣ መጠኑ ይጎድላል። ሲወጉ በሁለት ጣት ቆዳውን ከስቡ ጋር ቆንጠጥ ማድረግ፣ መርፌውን ማስገባት፣ ገፍተው ሲጨርሱ እስከ 10 ቆጥሮ ማውጣት። ኢንሱሊኑ መግባት ያለበት ስብ ውስጥ ነው። ጡንቻ ውስጥ ከገባ ፈጥኖ ይሄዳል፣ ያምማልም።

መርፌ መደጋገምን በተመለከተ፣ የተሠራው ለአንድ ጊዜ ነው። ገጠር ያለውን እውነት ግን አውቃለሁ፣ ሲሪንጅ ይጠፋል። የግድ ከሆነ የራስን ብቻ፣ ጫፉን ሳይነኩ፣ ሳይቀቅሉ፣ በአልኮል ሳይጠርጉ፣ ማሳመም ሲጀምር ቶሎ መቀየር ነው። ለሌላ ሰው ግን በፍጹም። ፔንም መርፌው ተቀይሮ ቢሆን ለሁለት ሰው አይሆንም፤ ደም ወደ ኋላ ወደ ኢንሱሊኑ ሊገባ ይችላል። የተወጋበትን መርፌ ጠንካራ ክዳን ባለው የዘይት ጄሪካን ውስጥ አጠራቅሙና ስትሄዱ ለጤና ተቋሙ አስረክቡ። ልጆች በሚጫወቱበት ደጅ አይጣል።

ሦስተኛው ማስቀመጫው ነው። እኛ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ኢንሱሊንን ከሁለት ጠላት ነው የምንጠብቀው። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ መንዝ ከዚያም ከፍ ይላል፤ ከጥቅምት በኋላ ውርጩ ይታወቃል። ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ሙቀቱን አንቺ ነሽ የምታውቂው። ኢንሱሊን ከሁለቱ ይበልጥ የሚፈራው በረዶ መሆኑን ነው። በረዶ ከሠራ አለቀ። ቀልጦ ጤነኛ ቢመስልም አይወጋም። ለዚህ ነው ጎረቤት ሱቅ ፍሪጅ ውስጥ ስታስቀምጡ ከበረዶ ቤቱ ያርቁት የምለው። መንዝ ያሉ ዘመዶች ደግሞ መስኮት ላይና ቆርቆሮ ግድግዳ ጥግ አያድርጉት፣ ሌሊት ልብስ መሃል ይሁን።

ሙቀቱን በተመለከተ ልባችሁ ትንሽ ይረፍ። ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ ነው የሚባለው። የተከፈተው ግን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በማያልፍ ቦታ 4 ሳምንት ይቆያል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ጥናት አውጥተዋል። ሰሜን ኬንያ፣ ዳጋሃሌ የስደተኞች ካምፕ ቤቶች ውስጥ ሙቀቱ በቀን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ ይዋልላል። ያንን ቤተ ሙከራ ውስጥ አስመስለው ኢንሱሊኑን 4 ሳምንት አቆዩት። ኃይሉ ፍሪጅ ውስጥ ከቆየው አልተለየም። ይህ ማለት ግን ፀሐይ ላይ ይዋል ማለት አይደለም። የቆመ መኪና ውስጥ፣ ምድጃ አጠገብ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለ መደርደሪያ ላይ ሙቀቱ ከ37 በጣም ይዘላል።

እናንተ ጋ የሚሠራው የሸክላ ዘዴ ነው። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ማሰሮ አዘጋጁ። ትንሹን ትልቁ ውስጥ አስቀምጣችሁ መሃላቸውን አሸዋ ሙሉት። አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጡት። ብልቃጡን ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ወይም ክዳን ባለው ዕቃ አድርጋችሁ ትንሹ ማሰሮ ውስጥ አስገቡ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ይቀመጥ። ውሃው እየተነነ ሲሄድ ውስጡ ይቀዘቅዛል። በደረቅ ወራት በጣም ጥሩ ነው፣ በክረምት ርጥበት ግን ይደክማል፤ ያኔ ደግሞ ሙቀቱም ቀለል ይላል። ከደብረ ብርሃን መድኃኒት ይዛችሁ ስትመለሱም ከአውቶብሱ ጣሪያ ላይ አይጫን። በእጅ ይያዝ። በረዶ ካደረጋችሁበት በፎጣ ተለይቶ ይሁን፣ ብልቃጡ በረዶውን አይንካ።

ብልቃጡን ስትከፍቱ ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፉበት። አንድ ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር ነው፣ 1000 ዩኒት። እናትሽ በቀን 36 ይወጋሉ። 27 ቀን ይሆናቸዋል ማለት ነው፣ አራት ሳምንቱ ሳይሞላ ያልቃል። አንድ ብልቃጥ ሁለት ወር እየቆየላቸው ከሆነ ግን ወይ እየዘለሉ ነው፣ ወይ መስመሩ ላይ ስህተት አለ። ይህችን ስሌት ሥሪና እይ። እናትሽን ሳታስጨንቂ እውነቱን ትነግርሻለች።

አሁን ወደ ፔኑ ልመለስ። ፔን መጥፎ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም እወደዋለሁ። የመጀመሪያው የኢንሱሊን ፔን እ.ኤ.አ. በ1985 ከዴንማርክ ወጣ፣ የብዙ ሰውንም ሕይወት አቅልሏል። ስታዞሪው ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ብዙ ጊዜ እያንዳንዷ ድምፅ 1 ዩኒት ናት። ድምፁ ዓይኑ የደከመን ሰው ያግዛል፣ መጠኑ ግን በጆሮ ብቻ አይቆጠርም፣ ፔኑ ላይ ባለው ቁጥር ይረጋገጣል። መርፌዋ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ልትሆን ትችላለች፣ ለወፍራምም ለቀጭንም ትበቃለች። ሰው መሃል ሲወጉም አያሳቅቅም። ትምህርት ቤት ለሚውል ልጅማ ትልቅ ነገር ነው።

ግን ፔን የራሱ ሥርዓት አለው። ከመወጋት በፊት 2 ዩኒት ወደ አየር ረጭቶ ጠብታ መውጣቱን ማየት ያስፈልጋል። ቱጄዮ ላይ ደግሞ 3 ዩኒት ነው። ከወጉ በኋላ መርፌው ይነቀላል፤ ተሰክቶ ካደረ አየር ይገባል፣ ኢንሱሊንም ይንጠባጠባል። ቅይጥ የያዘ ፔንም እንደ ብልቃጡ መንከባለል አለበት። ከሁሉም በላይ አቅርቦት ነው። አንድ ባለ 100 ፔን ብዙ ጊዜ 300 ዩኒት ነው የሚይዘው። በእናትሽ መጠን፣ የሚረጨው ተጨምሮ፣ ሳምንት ይቆያል። በወር አራት ያህል ፔን፣ ወደ 60 መርፌ። ይህ ሁሉ በየወሩ ሸዋ ሮቢት ይገኛል ወይ? በጤና መድን ደብተራችሁ የምታገኙት ብልቃጡን ከሆነ፣ ፔኑ የአጎት ስጦታ ሆኖ ሲያልቅ እናትሽ ወዴት ይሄዳሉ? ደቡብ አፍሪካ እንኳ በሕዝብ ጤና ተቋሞቿ ለዓመታት ፔን ስትሰጥ ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 አምራቹ ውሉን ባለማደሱ ብዙ ሕሙማን ወደ ብልቃጥና ሲሪንጅ ተመልሰዋል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው። በየወሩ ሳይቋረጥ የሚገኝ ብልቃጥ፣ ሲመጣ መጥቶ ሲጠፋ ከሚጠፋ ፔን ይበልጣል። በትክክል የተቀዳ 24 ዩኒት በሲሪንጅም ገባ በፔን፣ ሰውነት ውስጥ ሥራው አንድ ነው።

የሚለጠፈው ማሽን ፓምፕ ይባላል። ፈጣን ኢንሱሊን ብቻ እየያዘ ቀንና ሌሊት በትንሽ በትንሹ ይሰጣል። አንዳንዱ ከስኳር መለኪያ ሴንሰር ጋር ተገናኝቶ መጠኑን ራሱ ያስተካክላል። በተለይ ዓይነት አንድ ስኳር ላለባቸው ልጆችና ወጣቶች ድንቅ ነው። ግን ቆዳ ውስጥ የሚገባው ቱቦ በ2 ወይም 3 ቀን ይቀየራል፣ ዋጋው ከባድ ነው፣ ሰልጥኖ የሚከታተል ሰውም ይፈልጋል። ቢዘጋ ወይም ቢቆም ውስጡ ረጅም ኢንሱሊን ስለሌለ በሰዓታት ውስጥ ሰው ይታመማል። ለእናትሽ አሁን አልመክረውም። የሚተነፈስ ኢንሱሊንም አለ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2006 ተፈቅዶ በዓመቱ ከገበያ ወጣ፣ ሌላው በ2014 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ ሳንባ ለታመመ ሰው አይሆንም። በክኒን ለምን አይሆንም ለሚሉሽ ደግሞ፣ ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው፣ ጨጓራ እንደ ሥጋ ይፈጨዋል በያቸው።

60 ሲገባ የምታደርጉትን ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ። ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መቅበዝበዝ ካለ፣ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በጥብጦ ማጠጣት። ከ15 ደቂቃ በኋላ መለካት፣ ካልተነሳ መድገም፣ ከዚያ እንጀራም ዳቦም ማብላት። ስኳርና ማር እያበዙ ማጉረስ ደግሞ በማግስቱ 300 ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ነው። ራሳቸውን ከሳቱ አፋቸው ውስጥ ምንም አታድርጉ፣ ትን ይላቸዋል። በጎን አስተኝታችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

ፔኖቹን አትጣሏቸው። አጎትሽን ሻንጣው በጭነት ነው የመጣው ወይስ በእጅ ብለሽ ጠይቂ፤ የአውሮፕላን ጭነት ክፍል ውስጥ በረዶ ሊሠራ ይችላል። እስከዚያው ማሰሮው ውስጥ ከብልቃጡ ተለይተው ይቀመጡ፣ ላያቸው ላይ «ሳይጠየቅ አይወጋ» ብለሽ ለጥፊበት። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ብልቃጡን፣ ሲሪንጁን፣ ፔኑን፣ መለኪያውንና የተመዘገበውን ቁጥር ሁሉ በአንድ ዘንቢል ይዛችሁ ሂዱ። ቀጠሮው ሩቅ ከሆነ አትጠብቁ። 60 የገባ ሰው ሳይጠራ ሊሄድ ይችላል፤ ሸዋ ሮቢት ሆስፒታል ቢጀምሩና ካስፈለገ ወደ ደብረ ብርሃን ቢላኩ ጥሩ ነው።

አጎትሽ ሌላ ነገር ልላክ ካሉ ደግሞ ይህን በያቸው። ባለ 100፣ ግማሽ ሚሊ ሊትር የኢንሱሊን ሲሪንጅ፣ እና እናትሽ ቤት ላለው መለኪያ የሚሆን ስትሪፕ፣ የደም ጠብታ የሚነካባት ቁራጭ። የመለኪያውን ስም ከጀርባው ፎቶ አንሺና ላኪላቸው፤ የአንዱ ስትሪፕ ለሌላው አይሠራም። ጭናቸውን ዳስሰሽ ያገኘሽውንና የሲሪንጁ መስመር ስንት ስንት እንደሚል ደግሞ እዚሁ ጻፊልኝ።